የማክሰኞዋ ድንጋይ

ሜሳ፣ አሪዞና
ኖቬምበር 4 ቀን 2009

ለአጎቴ ልጅ ለኦረስት ህናቲዩክ
ራቨንሌክ፣ ሳስካቼዋን

ክብር ለኢየሱስ ክርስቶስ!

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ማሪካስ ደህና ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄ ሌሲያና ባሏ በደንብ ይዘውኛል። እዚህ ክረምት የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በኖቬምበር ቁምጣ ለብሶ አበባ ያጠጣል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በየማለዳው ጎልፍ ይሄዳሉ። ና ብለውኝ አንድ ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። ኳሷን ይመቱና በየትንሿ መኪናቸው ይበታተናሉ፤ ሲጨርሱም ወደየቤታቸው። ከተጋጣሚህ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጥክ፣ ብርጭቆ ካላጋጨህ፣ ምኑን ተጫወትከው?

ስልክ አሥር ጊዜ ደውያለሁ። ማሪካ ታነሳና «ጋራዥ ውስጥ ነው» ትለኛለች። ጠዋትም ማታም ጋራዥ ውስጥ የሚኖር ሰው አንተን አየሁ። ስለዚህ ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎይድ እንደነገረኝ በረዶውን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ከዚህ ክረምት አያልፍም፤ የከርሊንግ ክለባችንም በማርች ይዘጋል። የሽማግሌዎቹ የመጨረሻ ውድድር ፌብሩዋሪ 23፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው አሉ። እኔ እመጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመራሁትን ቡድን በመጨረሻዋ ቀን ሌላ ሰው እንዲመራው አልፈልግም። ሎይድ፣ ሜትሮ፣ አንተና እኔ፤ እንደ ድሮው። እኔ ድንጋይዋን በበረዶው ላይ እገፋለሁ፣ አንተም እንደ ድሮው እንድትንሸራተት ከፊቷ ትጠርጋለህ።

ጫማዬና የመግፊያ ዘንጌ ያንተ ጋራዥ ውስጥ ናቸው። የግራው ጫማ ሶል ለቆ እንደሆነ አጣብቅልኝ። አውሮፕላኑ ሬጂና ስለሚያርፍ መጥተህ ትወስደኛለህ። መልስህን ቶሎ ላክ።

ማሪካን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።

ታላቅህ
ኔስቶር


ራቨንሌክ
ኖቬምበር 29 ቀን 2009

ለኔስቶር

ለዘለዓለም ክብር ይሁን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጽሕፈቱ ግን ያንተ አይደለም። ያንተን ጽሕፈት ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ይኼ የሌሲያ ነው። አሁን ደግሞ ጸሐፊ ቀጠርክ ማለት ነው? ትእዛዝ መስጠት እንኳ በተወካይ ሆነ።

ጉልበቴ እንደነበረ ነው። ማሪካ ደህና ናት። ጫማህም አለ፤ አይጥ ወልዳበታለች፣ አላስነሳኋትም።

ቡድኑ ሞልቷል። ሎይድ አለ፣ ሜትሮ አለ፣ የእህል ጎተራውን ያስተዳድር የነበረው ዴኒስ ኩዚክ ባንተ ቦታ ገብቷል፣ እኔ አለሁ። የምመራው እኔ ነኝ። አምስት ሰው የሚጫወትበት ከርሊንግ እስካሁን አልሰማሁም።

«ጠይቄው መልስ ነፈገኝ» እንዳትል ስለ ማክሰኞ ልንገርህ። ያለፈው ማክሰኞ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር። ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሁሉም ተሰብስቧል። ሜትሮ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ግማሽ ክንድ የሚያህል የአሳማ ቋሊማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጥቷል። የሎይድ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ በብርድ ፉጨት ጀምሯል። ከእኛ ውስጥ ተንበርክኮ ድንጋይ በእጁ የሚገፋ አንድም አልቀረም፤ ሁሉም ቆሞ በዘንግ ነው የሚገፋው። ደስ ሊል ይችል ነበር።

ከመጀመሩ በፊት እንደ ወጉ ልንጨባበጥ ቀረብን። ያ የተጋጣሚዎቻችን መሪ፣ ጎርደን ፌሪስ፣ እጄን ይዞ ምን አለኝ መሰለህ?

«ክብሪት! ዛሬ መጥረጊያህን አንተ ትይዛለህ ወይስ እኛ እንያዝልህ?»

ሰባት ሽማግሌ ሳቀ። የራሴ ቡድን ጭምር። ሜትሮማ ቋሊማው ትን ብሎት ጀርባውን መቱት።

አዎ፣ ስሜ ክብሪት ነው። መጥረጊያ የነካት ድንጋይ «ተቃጠለች» ተብላ ከጨዋታ ስለምትወጣ፣ አንተም «ነካት» ብለህ ስለጮህክብኝ፣ እኔ በሰባ አራት ዓመቴ ክብሪት ሆኜ ቀረሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የሠሩትን የድንች ፒሮሂ ሊሸጡ የመጡ ቀን አንዷ ለማሪካ «የክብሪት ሚስት አንቺ ነሽ?» አለቻት። ማሪካ ቤት ገብታ አልቅሳለች። አንተ አበባ ታጠጣለህ።

ይህ ጨዋታ ዳኛ የለውም። የነካ ሰው ራሱ እጁን አንሥቶ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው አይናገርለትም፣ አይናገርበትም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ማርች 11 ቀን 2008 ግን የመጨረሻዋን ድንጋይ አንተ ገፋህ፣ እኔና ሜትሮ ከፊቷ ጠረግን፣ እሷ ገና ሳትቆም ከኋላዬ «ኦረስት ነካት!» ብለህ አዳራሹን አናወጥከው። የገዛ የአጎትህን ልጅ! ድንጋይዋ ወጣች፣ ዋንጫው ሄደ፣ አንተ በጁላይ ዕቃህን ጭነህ ወደ ፀሐይ ሄድክ። እኔ እዚሁ ቀረሁ።

ስለዚህ ሁለት መስመር ጻፍ። ኦረስት ድንጋይዋን አልነካም፣ ነካ ያልኩት በሐሰት ነው ብለህ ፈርም። ክለቡ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ መምጣትህ እንነጋገራለን።

ኦረስት


ሜሳ
ዲሴምበር 14 ቀን 2009

ለኦረስት

ክብር ለኢየሱስ ክርስቶስ።

አንብቤ አንጀቴ አረረ። ያለ አባት የቀረህ ጊዜ አባቴ ቤታችን ያስገባህ፣ አንድ አልጋ ላይ ያደግን ሰዎች ነን። የበረዶው ሜዳ ላይ በእጄ ይዤ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። መጥረጊያ አያያዝ እንኳ አታውቅም ነበር፤ ድንጋይዋን እንደ ላም ነበር የምትነዳት። አሁን ተነሥተህ ቡድኔን ወሰድክና ለእኔ ቅድመ ሁኔታ ታስቀምጥልኛለህ? እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሌሲያ ብትጽፍልኝስ አንተን ምን አገባህ?

አየሁህ፣ ኦረስት። የገፋሁባት ቦታ ላይ ቆሜ አየሁህ። ያቺ ጥቁሯ መጥረጊያህ ከድንጋይዋ ጎን ስትላከክ በሁለት ዓይኖቼ አይቻለሁ። ሳላይ አይቻለሁ ብዬ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አንተ እጅህን ማንሣት ስላቃተህ ነው እኔ የጮህኩት። ነክተህ ዝም ልትል ነበር። እኔ በምመራው ቡድን ውስጥ ሌባ እንዲኖር አልፈቀድኩም፣ ዘመድም ቢሆን።

«የራሴ ቡድን ሳቀብኝ» ትላለህ። ለምን እንደሳቁ ራስህን ጠይቅ። የሚያውቁህ ሰዎች ናቸው።

የምትፈልገውን ወረቀት አልጽፍም። በሐሰት ፈርሜ አላውቅም። ካንተ ፈቃድም አልለምንም፤ ለሎይድ ዛሬውኑ ለብቻው ጽፌያለሁ፣ ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ ጽፌለታለሁ። ቡድኑ ይወስን። አይጧንም ንገራት፤ ጫማው ባለቤት አለው።

መልካም ገና ይሁንላችሁ። ለማሪካ ብቻ።

ኔስቶር


ራቨንሌክ
ጃንዋሪ 9 ቀን 2010

ለኔስቶር

ክርስቶስ ተወለደ!

ትናንት የበዓሉን ትርፍራፊ እየበላን ማሪካ «ምነው ፊትህ በራ?» አለችኝ። ለምን እንደበራ ልንገርህ።

ማክሰኞ ዕለት ስምንታችንም ጨዋታ ጨርሰን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠናል። አሸናፊዎቹ እነ ጎርደን ስለነበሩ የአጃ ውስኪውን እነሱ አዘዙ። ሎይድ ደብዳቤህን ከኪሱ አወጣ።

«ኔስቶር ቡድኑ ይወስን ብሏል» አለ። «እኔ ደግሞ ከሰው ተደብቄ አልወስንም። ላንብበው?»

«አንብበው» አልኩት። ምን አለኝ የሚደበቅ?

አነበበ። ስትሰድበኝ ሁሉም ብርጭቆውን ያያል። ሌባ የሚለው ጋ ሲደርስ ዴኒስ ሳል ጀመረው። ከዚያ «ያቺ ጥቁሯ መጥረጊያ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሜትሮ እጁን ዘረጋና ወረቀቱን ያዘበት።

«ምን አለ? ድገመው።»

«ያቺ ጥቁሯ መጥረጊያህ...»

«ጥቁር?» አለ ሜትሮ። «ጎርደን፣ ያን ቀን ይኼ ሰውዬ ምን ይዞ ነበር?»

ጎርደን ትንሽ አሰበና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «የሚስቱን! ቀዩን! ጥቁሩ ግማሽ ጨዋታ ላይ ተሰብሮበት የማሪካን ቀይ መጥረጊያ ከግድግዳው አውርዶ ሲመጣ 'ቀሚሷንስ ለምን ተውከው?' አላልኩትም?»

«ብለኸዋል» አለ ሎይድ። «እኔም ስቄያለሁ።»

ሰማህ፣ ኔስቶር? ያ ቀይ መጥረጊያ እንደ ባንዲራ ከሩቅ የሚታይ ነበር። በሁለት ዓይኖችህ አይተህ ምለሃል፣ ያየኸው መጥረጊያ ግን ተሰብሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነበር።

ሜትሮ ቀስ ብሎ «ታዲያ ምን አይቶ ነው የጮኸው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ትዝ አላቸው። ያን ክረምት በሦስት ጫማ ርቀት የምትስታቸው ድንጋዮች። ቀለም ተምታቶብህ የጎርደንን ድንጋይ ልትገፋ ስትል ሜትሮ ክንድህን እንደያዘህ። መኪናህን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ እንዳወጣህ። ጠጥቶ ነው ብለን ነበር። ጠጥተህ ነበር? እንደዚያ ከሆነ ተናገረው፣ ሰክሬ ነበር በል።

የተወሰነውን ልንገርህ። ሎይድ «ከኦረስት ጋር ይህን ነገር ካልጨረሰ የኔስቶርን ስም አልጽፍም» አለ፣ ሁሉም ተስማሙ። የጨዋታው ዝርዝር ፌብሩዋሪ 2 ይለጠፋል። ወረቀትህ ከዚያ በፊት ካልመጣ አትድከም። ያንተ አውሮፕላን ሬጂና ቢያርፍ የሚቀበልህ ንፋስ ብቻ ነው።

ኦረስት


ሜሳ
ጃንዋሪ 24 ቀን 2010

ለኦረስት

አክብሩት፣ ክርስቶስን። ለ«ክርስቶስ ተወለደ» መልሱን ሳልሰጥ በዓሉ አለፈ።

ደብዳቤህ ከመጣ አምስት ቀን ሆነው። ሌሲያ አነበበችልኝ። ቀዩ መጥረጊያ ጋ ስትደርስ አቆመችና አየችኝ፤ ማየቷን ያወቅሁት ዝም ስላለች ነው።

አላይም፣ ኦረስት። ማኩላ ይሉታል፣ የዓይኑ መሐል ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል። ሰው ፊቴ ሲቆም ጆሮውን አያለሁ፣ ትከሻውን አያለሁ፣ ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ አመድ የመሰለ ነገር አለ። የጀመረኝ እዚያው ራቨንሌክ እያለሁ በ2006 ነው። ዮርክተን ያለው ሐኪም መኪና እንዳልነዳ ነገረኝ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። የማያይ መሪ ማን ያስቀምጣል? ሎይድ በሜዳው ማዶ መጥረጊያውን ተክሎ «እዚህ ምታ» ሲለኝ መጥረጊያውንም ሎይድንም አላየሁም። ከጣሪያው ላይ ያሉትን መብራቶች ቆጥሬ ነበር የምገፋው። ሁለት ክረምት በመብራት ቆጠራ መራኋችሁ። አንዳንዴ አሸነፍን።

ያን ቀን ሦስተኛው መብራት ጠፍቶ ነበር። ከሌላው ነው የቆጠርኩት። ድንጋይዋ ከዘንጌ ስትለቅ እንደተበላሸች ክንዴ ነገረኝ። ተመልካች ከሚቆምበት መስታወት ኋላ ከተማው ሙሉ ቆሟል፣ ሜትሮ «ግራ ሄደች! ግራ ሄደች!» እያለ ይጮሃል። አሁን ሁሉም ያውቃል አልኩ። አሁን ሁሉም ዞሮ ያየኛል አልኩ። ስምህን ጠራሁ። ለምን ያንተን? ሜትሮን ብጠራው ይመታኝ ነበር። አንተ ሁልጊዜ ያልኩህን ትቀበል ነበር።

በዓይኔ የማልኩት የሚወሰድብኝ ዓይን ስላልነበረኝ ነው።

ከመናገር ሰውን ማጣት ይሻላል ብዬ ወደዚህ መጣሁ። ሞኝነት ነበር። እዚህ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የአየር ማቀዝቀዣውን ድምፅ እሰማለሁ፣ እናንተን ማጣቴን የሚያስታውሰኝን ድምፅ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእናንተ ሌላ ጓደኛ አላፈራሁም።

ሌሲያ ብዕሩን አስቀምጣ «አባዬ፣ ይህንንም ልጻፈው?» አለችኝ። ጻፊው አልኳት። ለሰሌዳው የሚሆነው ይኼው፤

«ለራቨንሌክ የከርሊንግ ክለብ ጓደኞቼ። ማርች 11 ቀን 2008 'ኦረስት ነካት' ብዬ ጮህኩ። ምንም አላየሁም። ዓይኔ አያይም ነበር፤ ለሁለት ክረምት ደብቄያችኋለሁ። ጨዋታውን ያጣነው እኔ በገፋኋት ድንጋይ ነው፣ ጥፋቴን በዘመዴ ላይ ጣልኩት። ኔስቶር ህናቲዩክ።»

የግርጌውን ፊርማ ራሴ ፈርሜያለሁ። ዶሮ የጫረችው ነው፤ ታውቀዋለህ።

መምራት አልጠይቅህም። መግፋትም አልችልም። ዘንጌን ለዴኒስ ስጠው። የምለምነው አንድ ወንበር ነው፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እናንተ የምትቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ፣ ለአንድ ማክሰኞ።

ኔስቶር


ራቨንሌክ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2010

ለኔስቶር

ልጄ ሌሲያ፣ ይህን ስታነቢለት በሩን ዝጊ። ባልሽም አይስማ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ክለቡ ስሄድ ፖስታ ቤት ጠበቀኝ። መኪናዬ ውስጥ አነበብኩት፣ ሞተሩን ሳላጠፋ። ከዚያ ገብቼ ለሎይድ የሰሌዳውን ክፍል ብቻ ሰጠሁት። ለተሰበሰቡት ሁሉ ቆሞ አነበበላቸው። ሲጨርስ ሜትሮ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። «ሁለት ክረምት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ!» ይላል፣ ደጋግሞ። «አጠገቡ ቆሜ!»

ከዚያ ጎርደን ፌሪስ ተነሣ። ያ ግንድ የሚያክል ሰውዬ በረዶው ላይ ቀስ እያለ መጣና ፊቴ ቆመ።

«ኦረስት» አለ። «ስምህን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ይሁን» አልኩ።

«አይ፣ ይሁን አይደለም። ሁለት ዓመት ነው።» ወደ ሰዎቹ ዞረና «ከዛሬ ጀምሮ ክብሪት ያለ ሰው የሁላችንንም መጠጥ ይችላል» አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። የመጨረሻውን ውድድር የመጀመሪያዋን ድንጋይ እኔ እንድገፋ ወሰኑ፣ ለክብር። ስሜን ከላይ ጻፉት። ለማሪካ ስነግራት አቀፈችኝ፣ እኔ ግን መልሼ አላቀፍኳትም።

ነክቻታለሁ፣ ኔስቶር።

ድንጋይዋ ግራ ስትሄድብህ ልመልሳት ብዬ ጠጋ አልኩ፣ የማሪካ መጥረጊያ ደግሞ ከእኔው ይሰፋል። ካፖርት የበር ጉበን እንደሚታከክ ታከከች። ሌላ ሰው ሊያየው አይችልም፤ ሜትሮ እንኳ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ አላየም። እጄ ላይ ግን ተሰማኝ። ቀና አልኩ፣ እጄን ማንሣት ጀመርኩ፣ አፌን ከፈትኩ። «እኔ ነኝ» ልል ነበር። ሁለት ቃል! ያን ጊዜ አንተ ከኋላዬ ጮህክ። ስሜን እንደ ሌባ ስም ጮህክ። የከፈትኩት አፍ «አልነካሁም!» አለ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው? በየማክሰኞው ለመናገር እሄዳለሁ፣ በየማክሰኞው ክብሪት ይሉኛል፣ በየማክሰኞው እልህ ይይዘኛል። እልሁ እየቆየ እውነት መሰለኝ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ፈርም ብዬ ስጽፍልህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነካሁም ብዬ አምኜ ነበር። ያንተ «አላየሁም» ነው ያነቃኝ። ዓይነ ስውር ሆነህ ዋሽተህ ልክ ነበርክ! እንዲህ ያለ ሰው አለ? ስትሳሳት እንኳ ከእኔ በላይ መሆን አለብህ?

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አብሬህ ጠርጌያለሁ፣ ሠላሳ አንዱን ዓመት አንተ ስትመራ። «ጥረግ» ስትል ጠረግኩ፣ «ተው» ስትል ተውኩ። በሕይወቴ አንድ ነገር ብቻ በራሴ አፍ ልናገር ነበር፣ እሱንም ቀደምከኝ። አልምርህም። ስለ ዓይንህ አዝናለሁ፣ ስለ ሌላው አላዝንም።

አልናገርም። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ክለቡ ሊዘጋ አንድ ወር ቀረው። ለአንድ ማክሰኞ ኦረስት ሆኜ ልቁም፣ ከዚያ በሩ ይቆለፍ።

ሎይድ ራሱ ሬጂና ድረስ ነድቶ ሊቀበልህ ቆርጧል። ሜትሮ ወንበርህን መርጧል። ሐኪም ከለከለኝ በላቸው። ምንም በላቸው። ብቻ አትምጣ፣ ኔስቶር። ያንተ ፊት ከፊቴ ተቀምጦ ያንን ብርጭቆ ማንሣት አልችልም።

ኦረስት


ሜሳ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010

ለኦረስት

ክብር ለኢየሱስ ክርስቶስ።

ሌሲያ በሩን ዘግታ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳቅሁ። ሁለተኛውን ጊዜ አልሳቅሁም።

ሐኪሙ አልከለከለኝም። ቅዳሜ በ20 ሬጂና እደርሳለሁ፣ ሎይድ ይቀበለኛል። ቤትህ አላድርም፣ ለማሪካ ሆቴል ይዟል በላት።

የነገርከኝን ለማንም አልተነፍስም። ሌሲያም ምላለች፤ እሷ ስትምል እንደ እኔ አይደለችም። ያን ቀን ከአፍህ ነጥቄሃለሁ፣ ይህንን አምናለሁ፤ ስለዚህ ሁለተኛ አልነጥቅህም። ለክብርህ ብዬ አይደለም። አንተ ካልተናገርከው ማንም ሊናገረው አይገባም ብዬ ነው።

የመጀመሪያዋን ድንጋይ ግፋ። ከመስታወቱ ኋላ ሆኜ እሰማታለሁ። ሲያልቅ ሜትሮ በመረጠልኝ ወንበር ላይ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ፊትህን ስለማላየው አትፈር። ብርጭቆ ሲነሣ ከጎርደን ጋር አጋጫለሁ፣ ከሎይድ ጋር፣ ከሜትሮ ጋር፣ ከዴኒስ ጋር። የአንተ ብርጭቆ ሲቀርብ የእኔን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሜትሮ «ምነው?» ይላል፤ ሜትሮ ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነገር የለም።

እኔ «ኦረስትን ጠይቁት» እላለሁ፣ ከዚያ እናደምጥሃለን።

ኔስቶር